የእትዬ ሻንጣ ደርሶ መልስ

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ናት፤ አንዲት ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍላ፣ በወዲህ እኔ፣ በወዲያ ደግሞ ሻንጣ ጠጋኟ እንሠራባታለን። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያች ስስ ግድግዳ ተለያይተን ስለኖርን፣ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት ፊቷን ሳላይ ነው።

የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እትዬ ሻንጣ ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። እሷም "ከዚህ የባሰ ሊሉኝ ይችሉ ነበር" ብላ ተቀብላዋለች። ሥራዋ ዚፑ የጨረሰ፣ ጎማው የወለቀ፣ እጀታው አልወጣም አልገባም ያለ ሻንጣ ማዳን ነው። የዚፑን ራስ በፒንሳ ጠበብ ታደርግና፣ ሳሙና ታሻሸውና፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስባ "በል ሂድ" ትለዋለች። ይሄዳል። ሌላ ቦታ "አዲስ ግዙ" የተባሉ ሻንጣዎች ከእሷ እጅ ወጥተው ስንት አገር እንደዞሩ እኔ ምስክር ነኝ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንዲት ዶክተር ሻንጣ ነው። እትዬ ሻንጣ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። የተሰበረውን ጎማ ለመቀየር የሻንጣውን ገበር ስትፈታ፣ ከሥሩ አራት ቦታ ታጥፎ የተረሳ ካርታ አገኘች። የባዕድ አገር ከተማ ካርታ ነው። ወንዝ አለው፣ ወንዙ ባሕር ውስጥ ይገባል፣ ከባሕሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ የትራም መስመሮቹ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ተሰምረዋል። ዶክተሯ ሻንጣዋን ልትወስድ ስትመጣ ካርታውን ብትሰጣት፣ "እኔ ጨርሼበታለሁ፤ ከፈለግሽ ይሁንሽ" አለቻት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መቁረጫ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ካርታውን ትዘረጋለች። ጣቷን መንገድ ላይ ታስቀምጥና መሄድ ትጀምራለች። እኔም ከወዲህ ሆኜ እጠይቃታለሁ።

"ዛሬ የት ነን?"

"ዛሬ ሰኞ አይደል? ሙዚየሞቹ ዝግ ናቸው። ወደብ ወርደን ጀልባ እናያለን።"

"እኔንም ይዘሽኝ ነው?"

"አዎ፣ ሰዓት የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል።"

ከተማዋን ስሟን ጠርተናት አናውቅም። "ከተማችን" ነበር የምንላት።

እንዲያው ቁጭ ብላ የምታልም ሰው አልነበረችም። ትመረምራለች። የአየር መንገድ ወረቀት የተንጠለጠለበት ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ሳይጠየቅ አይሄድም። "ከየት መጡ? ባቡር ጣቢያው ሁለት በር ነው ያለው ሦስት? ትኬት የሚቆረጠው ከውስጥ ነው ከውጭ? ዝናቡ በስንት ወር ይገባል?" አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ፣ "እትዬ፣ ሻንጣዬን ላሠራ ነው የመጣሁት ወይስ ቃሌን ልሰጥ?" ብሏት አስቆናል። የሰማችውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት፦ የት ቁርስ እንደሚበላ፣ በየትኛው ትራም የት እንደሚወረድ፣ ዝናብ ቢጥል በምን እንደሚተካ። የሌሎች ከተሞች እቅድም ነበራት፤ ከተማችንን ግን ሰባት ጊዜ እንደገና አቅዳታለች።

ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጋሼ ነው የምለው። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ "ሴትዮዬ ዛሬም ተሳፍራለች?" ብሎ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ ደብተሩን አነሳና ማንበብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

"ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ስምንት ደቂቃ ብለሻል።"

"አዎ፣ ስምንት።"

"ባዶ መኪና ከሆነ ነው። ሰው የሚወርድበትን፣ የሚወጣበትን፣ አሮጊቷ ዘንቢሏን የምታነሳበትን አስበሻል? አሥራ ሁለት አድርጊው።"

በዚያው ተለክፎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ክርክር እየሰማሁ ስንት ሰዓት እንደጠገንኩ አላውቅም። እሱ ስለ ደቂቃ፣ እሷ ስለ መንገድ። ያላዩት ከተማ ውስጥ፣ ባልተሳፈሩበት ትራም ይጣላሉ።

ታላቅ እህቷ መጋረጃ ነጋዴ ናት፤ ደልዳላ፣ ቁም ነገረኛ፣ ቃሏ እንደ መቀስ የምትቆርጥ። አንድ እሁድ ቤቷ ምሳ ጠርታን እኔም ነበርኩ። ጋሼ ስለ ጀልባው መነሻ ሰዓት ማውራት ሲጀምር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እስቲ ንገሪኝ" አለቻት እህቷን። "ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ሊሠራ ነው። ወይ ሊታከም ነው። ወይ ዘመድ አለው። አንቺ ምን አለሽ?"

"ዓይን አለኝ" አለች እትዬ ሻንጣ።

"ምን?"

"ዓይን አለኝ፣ እታለም። አይቼበት ልመለስ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አይቻለሁ።

ልጃቸው ነርስ ሆና ሥራ የያዘች ዓመት ጋሼም ጡረታ ወጣ። እትዬ ሻንጣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ለዓመታት ለዚሁ ብላ ያስቀመጠችውን አወጣች፤ ባልና ሚስት ፎቶ ተነሡ፣ ፎርም ሞሉ፣ ኤምባሲ ገቡ። መናኸሪያው በሙሉ ያውቅ ነበር። ትኬት ቆራጮቹ ሳይቀሩ "እትዬ፣ መቼ ነው?" ይሏታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ተከልክለዋል። ወረቀቱን አንብቤላታለሁ፦ ወደ አገራቸው ለመመለሳቸው በቂ ምክንያት አልታየም ይላል።

"አልመለስም ማለት ነው?" አለች። "እኔ? ሱቅ ከፍቼ፣ የሰው ሻንጣ ደርድሬ፣ የት ነው የምቀረው?"

 ያሳዘናት መከልከሉ ብቻ አልነበረም፤ ስታልም የኖረችው ሄዶ መመለስን ነው፣ እነሱ ደግሞ ከመንገዱ ግማሹን አላመኗትም።

ካርታው ከጠረጴዛው ተነሣ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የሚሰማኝ መዶሻና መቀስ ብቻ ሆነ። ሰው ሻንጣ ሲያመጣላት "ከየት መጡ?" ማለት ተወች፤ "ማክሰኞ ይምጡ" ብቻ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ዛሬ የት ነን?" አልኳት።

"ሱቅ" አለችኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ጋሼ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥግ ጥጉን የተቀዳደደ የተማሪ ደብተር በብብቱ ይዞ መጣ። የሻንጣ ክምሩ ላይ ቁጭ ሲል ኮምፔንሳቶው ተንቀጠቀጠ። መነፅሩን አጠለቀ መሰለኝ፣ ገጽ ሲገልጥ ተሰማኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ እንዲህ አለ፦

"የአራት ቁጥሯ ትራም እሁድ እሁድ በድልድዩ ማለፍ አቁማለች።"

መዶሻው አላቆመም።

"ድልድዩን እያደሱት ነው። እሁድ ለእግረኛ ብቻ ሆኗል።"

መዶሻው ቆመ። "ማን አለህ?"

"ልጅሽ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የከተማው ትራንስፖርት ያወጣው ነው። እዚህ ጽፌዋለሁ።"

"ታዲያ የእሁዱ እቅድ ሙሉ ለሙሉ ተበላሽቷላ!"

"ተበላሽቷል እንጂ።"

"ከድልድዩ ማዶ ስድስት ቦታ አለን እኮ! ገበያው፣ የመርከቦቹ ሙዚየም፣ ያ የአትክልት ቦታ…"

"አለን። እኔ በጉልበቴ ስድስቱን አልችልም። ምን ይሻላል?"

 ከዚያ የጠረጴዛው መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፤ ወረቀት ሲዘረጋም ሰማሁ። "አምጣው እስቲ ይኼን ደብተርህን። ይኼ ምን የሚሉት ጽሕፈት ነው? ዶሮ ነች የጻፈችው?" ስትል፣ እኔ በወዲህ በኩል የሰው ሰዓት ማሽን በእጄ እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛ ጊዜ ሲያመለክቱ እትዬ ሻንጣ ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የሄደችው። ሁለት ነገር ይዛ ነበር፦ አንደኛው ደብተሩ ነው። የሁለተኛው ሐሳብ የእኔ ነው ብል ጉራ አይሁንብኝ። መናኸሪያው ውስጥ የተበላሸ ሻንጣ ያለው ሁሉ እንዲያመጣላት ለፈፍኩ። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ትኬት ቆራጩ፣ መንገደኛው አመጣ። ለእያንዳንዱ "ከጉዞዬ ስመለስ በዚህ ቀን ይረከቡኛል" የሚል ደረሰኝ ጻፈች፤ ባለ ሻንጣው ፈረመበት። አርባ አንድ ደረሰኝ።

የሆነውን እሷም ጋሼም ደጋግመው ስለነገሩኝ የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። ከመስኮቱ ኋላ አንድ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰውዬ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ ልጅ ተቀምጣለች። ሰውዬው ከደብተሩ ጋር ተተርጉሞ የገባውን እቅድ እየገለበጠ ያያል።

"እሁድ ምን ያደርጋሉ?" አለች አስተርጓሚዋ።

"እሁድ ድልድዩን በእግር ነው የምንሻገረው። አራት ቁጥር በዚያ አታልፍም።"

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። "ታልፋለች እያሉ ነው" አለች ልጅቷ። "እዚያው ሰፈር ነው ያደጉት።"

"ከወጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?"

አስተርጓሚዋ ፈራች። ጋሼ የእትዬ ሻንጣን ቀሚስ በስተኋላ ጎተተ። እሷ ግን "በይ ንገሪልኝ፣ ልጄ፣ በክፉ አይደለም" አለቻት። ተነገረው። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረና መነካካት ጀመረ። አነበበ። መነፅሩን አውልቆ እንደገና አነበበ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከጎኑ ካለው መስኮት ባልደረባውንም ጠርቶ አሳየው።

"ትክክል ነዎት ይላሉ" አለች አስተርጓሚዋ፣ እሷም ሳቋ እያመለጣት። "የገዛ ሰፈሬን መንገድ አስተማሩኝ ይላሉ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ይላሉ፤ ይህን ያህል ከወደዷት ለምን ይመለሳሉ?"

እትዬ ሻንጣ አርባ አንዱን ደረሰኝ በመስኮቱ ሥር አስገባችለት።

"ይኼ ሁሉ ሰው ሻንጣው እኔ ጋ ነው። እኔ ከቀረሁ አርባ አንድ ሰው ከመንገድ ቀረ ማለት ነው።"

ፓስፖርቶቹ የተመለሱት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሁለቱን ፓስፖርት ከራሷ በላይ ይዛ ስትመጣ አየኋት፤ መናገር አላስፈለጋትም። መጀመሪያ አንድ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ከዚያ የተደረደረው አውቶቡስ ሁሉ። ምንም የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር በመስኮት ብቅ ብሎ ያጨበጭባል። ጋሼ ከኋላዋ ኮቱን ቆልፎ እንደ ሙሽራ ይራመዳል።

የያዙትን ሻንጣ ራሷ ናት የሠራችው፤ ጎማው ከአንዱ፣ እጀታው ከሌላው፣ ቆዳው ከሦስተኛው ተርፎ የተጠራቀመ። ጋሼ በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። "የማላየውን ሹፌር እንዴት ልመነው?" እያለ ነው የገባው። ሲያርፉ ሁለት እግሩን ከፊቱ ካለው ወንበር ሥር ተክሎ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ "የዚያን ቀን ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ" ይላል።

ሁሉም እንዳሰቡት ሆነ ብል ውሸት ነው። ካርታ ዳገት አያሳይም። ከትራም ማቆሚያው እስከ ማረፊያቸው አምስት ደቂቃ የተባለው መንገድ ቀጥ ብሎ የተሠራ ደረጃ ሆኖ ተገኘ። መቶ ሰማንያ አራት ደረጃ፤ ጋሼ ቆጥሮታል።

"አምስት ደቂቃ ነው ያልሽው?" አለ ግማሹ ላይ ቆሞ እያለከለከ።

"በካርታው!"

"እኔም በካርታው ላይ ብሄድ ደስ ባለኝ።"

እትዬ ሻንጣ ሻንጣዋን አቁማ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወጪ ወራጁ እያየ ያልፋል። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ እዚያው "ደረጃ፣ 184" ብላ ጻፈች።

ዋናው ነገር የሆነው በስድስተኛው ቀን ነው። ደሴቲቱን ሊያዩ ነበር። የዚያን ሰሞን ጀልባው ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል፤ አራት ሰዓት ላይ። አገር ጎብኚ ጢም ብሎ በሞላበት ትራም ወደ ወደቡ ሲወርዱ መብራት ጠፋና ትራሙ መንገድ ላይ ቆመ። ነጂው በሩን ከፍቶ ትከሻውን ሰበቀ። ሰው ሁሉ ወርዶ ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይጠቁማል። የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው።

እትዬ ሻንጣ ዙሪያዋን አየች። በስተግራ የገበያው የመስታወት ጣሪያ ይታያል። የት እንዳለች አወቀች። ጋሼ እንደነገረኝ፣ ፊቷ ልክ ጠፋ የተባለ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንዳገኘች ሴት በራ።

"ተነሡ!" አለች በአማርኛ። ከአንገቷ ላይ ቢጫ ሻርፗን ፈታች፤ ወደ ላይ አውለበለበችና ከምታውቃቸው አራት የባዕድ ቃላት አንዱን ጨመረችበት፦ "ጀልባ!"

ሰዎቹ ተያዩ። አንድ ባልና ሚስት ተከተሏት። ከዚያ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት። ከዚያ ሁሉም። በገበያው ውስጥ፣ በዓሣ ሻጮቹ መካከል ሰንጥቃ አለፈች፤ የውኃ ቧንቧው ጋ ወደ ግራ። አንድ ረዥም ጎረምሳ ስልኩን እያሳየ "በቀኝ ነው" ሲላት፣ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ አወዛወዘች። ያ መንገድ ግንብ ነው የሚገጥመው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ የሻንጣ ደንበኛ ተሳስቶ ገብቶበት ነግሯታል። በጠባቧ መተላለፊያ፣ በጉምሩኩ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ሃያ ሦስት ሰው አስከትላ ብቅ ስትል፣ ባሕሩ ከፊቷ ነበር። ጀልባው አለ። ሠራተኛው ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ብሏል። አራት ደቂቃ ተርፏቸው ነበር።

ሁሉም ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ የቀሩትም ተቀበሉት። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ለጋሼ አስይዘው እትዬ ሻንጣን ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት። ያ ረዥም ጎረምሳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ጋሼን በምልክት ጠየቀው፦ እዚህ ስትኖሩ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ጋሼ ስድስት ጣት አሳየው። ሰውዬው "ስድስት ዓመት" በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ "አይ" ብሎ ፀሐይዋን ጠቆመ፤ ወጣች፣ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች እያለ በእጁ ስድስት ጊዜ አዞራት። ሰውዬው ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ባለቤቴ መሆኗን ለማን ልንገር?" አለኝ ጋሼ ይኼን ሲያወራኝ። "ቋንቋ የለኝ! ብቻ አጠገቧ ሄጄ ተጣብቄ ቆምኩ፣ እንዲታወቅልኝ።"

እሷ ከጀልባው ፊት ለፊት፣ ነፋሱ ፀጉሯን እየበተነው፣ ሻርፗን በእጇ እንደጨበጠች እስከ ደሴቲቱ ድረስ አልተቀመጠችም። ካርታውን አላወጣችም። በጣቷ ስትሄድበት የኖረችው ባሕር ከሥሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

በተባለው ቀን ተመለሱ። በማግስቱ ሱቄን ልከፍት ስመጣ የእሷ ቀድሞኝ ተከፍቷል፤ ደረሰኝ የያዘ ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። በሰልፉ ላይ አንገቴን አስግጌ "ከተማችን እንዴት ናት?" አልኳት።

"ደኅና ናት" አለችኝ። "ሰላም በሉልኝ ብላለች።"

አርባ አንዱም ሻንጣ በሳምንት ውስጥ ለባለቤቱ ደረሰ። ወሬው ግን አላለቀም። ሰው ከሌላ ሰፈር ሳይቀር እየመጣ "እትዬ፣ እኔም ልሄድ አስቤ ነበር፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?" ይላታል። ጠረጴዛዋን ጠርጋ ታስቀምጠዋለች። አንዲት አስተማሪና አንድ ፀጉር አስተካካይ በእሷ እቅድ ሄደው፣ አይተው፣ ተመልሰዋል።

ከወራት በኋላ መጋረጃ ነጋዴዋ እህቷ መጣች። ሱቁ ውስጥ ቆማ ዚፕ ስታነሳ፣ ዚፕ ስትጥል ቆየች።

"ስሚ" አለች በመጨረሻ፤ እኔ እንደምሰማ ረስታለች። "ቀጥለሽ የምትሄጂበት አገር ጨርቅ የሚሠሩበት ነው ሲሉ ሰማሁ።"

"ሐይቅ አለው፣ ተራራ አለው፣ ባቡር አለው። ጨርቅም አለው።"

"ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።"

"ገብቶኛል፣ እታለም።"

"ሦስት ቀን ሱቅ ለመዞር ይበቃኛል።"

"ግማሽ ቀን" አለች እትዬ ሻንጣ። "እሱም ዝናብ ከጣለ።"

የዚያን ቀን ክርክራቸው እስከ መዝጊያ ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ በአንድ ቀን ተስማሙ፤ በምትኩ እህቷ ያለ ማጉረምረም ተራራው ላይ በእግሯ ልትወጣ ቃል ገባች። የምንሄደው አምስት ነን፦ እትዬ ሻንጣ፣ ጋሼ፣ እህቷ፣ ነርሷ ልጃቸውና እኔ። አዎ፣ እኔም። የእኔ ቪዛ ባለፈው ማክሰኞ ወጣ። በሱቄ በር ላይ "ሰዓት ሠሪው ለአሥራ አንድ ቀን የለም፤ ይመለሳል" የሚል ወረቀት ጽፋ የለጠፈችው እትዬ ሻንጣ ናት። ገና ሁለት ወር ይቀረናል እኮ ብላት፣ "ሰው ከአሁኑ ይልመደው" አለችኝ።